የኢንጂነሩ ኮምፒውተር ውሃ ያንጠባጥባል

አባቴ የሕንፃ ቧንቧ መሐንዲስ ነው። ሰው ሁሉ “ኢንጂነር” ይለዋል፤ እናቴም ሳትቀር። እሱን ከጠየቃችሁት በዓለም ላይ ያለው ችግር ሁለት ዓይነት ነው፤ በደንብ ያልጠበቀ ቧንቧ እና በደንብ ያልተመከረ ሰው። የሁለቱም መፍትሔ እሱ ዘንድ ይገኛል።

ቢሯችን አንድ ክፍል ናት። እሱ በመስኮቱ በኩል ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይፈርማል፤ እኔ በበሩ በኩል ባለው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ከተመረቅሁ ወዲህ የነደፍኩት ፕላን ሁሉ የወጣው በሱ ስም ነው። በቅርቡ ግን የመጀመሪያ ሕንፃቸውን ቧንቧ አባቴ የሠራላቸው አንዲት ነባር ደንበኛችን ሁለተኛ ሊያሠሩ መሆኑ ተሰማ። አባቴም ደግ ቀን ላይ ነበርና “ይሄን ሥራ ካገኘን ፕላኑ ላይ አንቺ ትፈርሚያለሽ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ፕላኑን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማሳየት ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ያስፈልገን ነበር። አባቴ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር እንዳለ ከሻጩ ሲሰማ ሌላውን ዞር ብሎም አላየው። ጎኑ መስታወት ነው። በውስጡ ሰማያዊ ውሃ በቱቦ ይዞራል፤ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከማጠራቀሚያው እየሳበች ትገፋለች፤ ውሃው የማሽኑን ሙቀት ተሸክሞ ይሄድና ቀዝቅዞ ይመለሳል። “ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም” አለ አባቴ፣ “የኔው ሙያ ነው።” መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ደንበኛችን ፕላኑን ሊያዩ ቀጠሮ በያዙበት ዕለት ጠዋት ማሽኑን ስከፍተው ጉልግል ጉልግል ይል ጀመር። ከማጠራቀሚያው ሥር ጠብታ ተንጠልጥሏል። ውሃው ጎድሎ ኖሮ ፓምፗ አየር ትስባለች። እንዲህ እንደሆነች ከዋለች ማሽኑ ግሎ ራሱን ያጠፋል፤ ሥዕሉም ፊርማዬም አብረው ውሃ በላቸው ማለት ነው።

“አባዬ፣ አየር ገብቶበታል። ከሥርም ያፈሳል።”

“ውሃው ቦታውን እስኪለምድ ነው።”

“ጠብታውስ?”

“ጠብታውን ለኔ ተዪው።”

የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሲመጣ ማድረግ የቻልኩት ማሽኑን ከመብራት መንቀል ብቻ ነው። ውሃውን ባልዲ ላይ ገለበጠ፤ ቱቦው ከማጠራቀሚያው ጋር የሚገናኝበትን ማያያዣ ፈታ፤ ውስጡ ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት በጥፍሩ አወጣና “ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?” ብሎ ወረወራት። በቦታዋ ቴፍሎን የሚሉትን ነጭ የቧንቧ ጥቅልል ጠቀለለበት። አሁንም አሁንም ጠቀለለበት። ቀጥሎ የቱቦ መፍቻውን አነሣ።

አባቴ የብረት ቧንቧ የሚያጠብቀው እስኪጮህ ድረስ ነው። ይሄ ግን ፕላስቲክ ነው፤ በጣት ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ውሃውን የምትይዘውም ያቺ የተወረወረችው ቀለበት ናት። መመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው የአባቴ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል።

ውሃውን መልሶ ሲሞላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠብታው ቆመ። በምትኩ ይወርድ ጀመር። ወለሉ ረጠበ። አባቴ ሁኔታውን በጥሞና ተመለከተና “ትንሽ ይቀረዋል” ብሎ መፍቻውን እንደገና ጨበጠ።

“አባዬ፣ ቁጭ በል” አልኩት።

እንዲህ ብዬው አላውቅም። እሱም ተብሎ ስለማያውቅ መሰለኝ ደንግጦ ተቀመጠ። ቴፍሎኑን እያጉረመረምኩ ላጥኩት፤ ቀለበቷን ከጠረጴዛው ሥር በእንብርክኬ ፈልጌ አገኘኋት፤ ጠርጌ መለስኳትና ማያያዣውን በጣቴ አጠበቅኩት። ደግነቱ ማጠራቀሚያው አልተሰነጠቀም። ወለሉን ለኋላ ትቼ ማሽኑ ውስጥ የረጠበውን ሁሉ አደረቅኩ፤ ከሥሩ ሶፍት አነጠፍኩ። ውሃ ቢነካው እንዳይቃጠል ከፓምፗ በቀር የሌላውን ሁሉ ገመድ ነቅዬ ማሽኑን መብራት ላይ ሰካሁ፤ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ፣ ፓምፗን እያስነሣሁ እያቆምኩ ውሃ ጨመርኩበት። ሶፍቱ ደረቅ ነው። ጉልግልታው ግን አልለቀቀም፤ አየር በየጥጉ ተሸሽጎ ቀርቷል። የአየር አረፋው ወደ ክዳኑ እንዲወጣ ማሽኑን ማጋደል ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ደግሞ ከባድ ነው።

“ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።”

አባቴ እንደያዘ ወዲያው ትእዛዝ ጀመረ። “ወዲህ በይው። ቀስ። አሁን ወዲያ።” ሲል ለሰማው ሐሳቡን ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ነው የሚመስለው። ማሽኑን ግራና ቀኝ አቅፈን እሹሩሩ ስንለው በሩ ተከፈተና ደንበኛችን ገቡ። ከቀጠሮው ቀድመዋል።

“ምን ሆናችሁ ነው?”

አባቴ ሳይለቅ ማብራራት ጀመረ። “አየር ነው፣ እትዬ። ውሃ ውስጥ አየር ከታፈነ ይጮሃል። ከላይ መውጫ ሰጥተን እናጋድለዋለን። ቀላል ሳይንስ ነው።”

ሴትዮዋ ጆሯቸውን ሰጡ። ማሽኑ ጉልግል አለ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

“ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። መኝታ ቤቴ ግድግዳ ውስጥ ነው ያለው። እርስዎ ‘ውሃው ቦታውን እስኪለምድ ነው’ ብለውኝ ስንት ዘመን ጠበቅኩ። አየር ነው እንዴ?”

አባቴ ማሽኑን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

“እሺ ኢንጂነር፣ ሕንፃዬን በየት በኩል ይዤ ላጋድለው?”

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። የመጨረሻው የአየር አረፋ ወጥቶ ማሽኑ ጸጥ ሲል ክዳኑን ዘጋሁ፤ ገመዶቹን መለስኩና ፕላኑን ከፈትኩላቸው። በየቧንቧው አናት ላይ ትንሽ አየር ማስወጫ አለ። አባቴ “ጌጥ ነው፣ አውጪው” ሲለኝ “እሺ” ብዬ ሳላወጣው የቀረሁት ነው። ሴትዮዋ በጣታቸው ጠቆሙት።

“ይሄ ለዚያ ድምፅ ነው?”

“አዎ፣ ለሱ ነው” አለ አባቴ ፈጠን ብሎ። “እኔ ነኝ ጨምሪበት ያልኳት።”

እሳቸው ወደ እሱ አላዩም። “እውነት ነው፣ ልጄ?”

“አዎ” ማለት ቀላል ነበር። የአባቴ ስም ይተርፋል፤ እኔም ወደ ጠባቧ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ፤ እቤት ስንገባም እራታችንን በሰላም እንበላለን።

“አይደለም” አልኩ። “አውጪው ነው ያለኝ።”

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “እንግዲያው ሥራው የናንተ ነው። የምትፈርሚልኝ ግን አንቺ ነሽ። አንቺ ብቻ።”

ፈረምኩ። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ለአባቴ ነበርና ሳላስበው ወደ እሱ ዞርኩ። መሬት ላይ ተንበርክኮ የፈሰሰውን ውሃ በፎጣ ይወለውላል። ቀና ብሎ አላየኝም።