ከጥምቀት ቀሚስ የተቆረጠ ጥለት

«ያቺ የውቢት ምራት አይደለችም? ከሟቿ ከራሷ ልጅ ይልቅ እሷ ናት የምታለቅሰው» አለች ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣች ማናለብሽ የምትባል እንግዳ፣ ንፍሮ ወደምታዞረው ሴት ጠጋ ብላ።

ማሪቱ ሰማቻት። ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ፣ ከባሏ እህት ከዮዲት ጎን ተቀምጣለች። ቀና ብላ እንግዳዋን አየቻትና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

አማቷ እማማ ውቢት ዳንግላ ገበያ አጠገብ፣ በቤታቸው በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ነበሩ። ማሪቱ ከአምስት ዓመት በፊት ናርዶስን ስትወልድ የሕፃኗ የላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነበር። አራስ ጥየቃ የመጡት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉና ልጅቷን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዷማ ገና ከደጅ ሳትርቅ «ደግሞ እኮ ሴት ልጅ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ማሪቱ ሰው በመጣ ቁጥር የልጇን ፊት ትሸፍን ጀመር። ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው አማቷን ነበር፤ ዛሬ ነገ ክፉ ይናገሩኛል ብላ ትጠብቃለች።

እማማ ውቢት ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። የምትጠባው ወተት በስንጥቁ እየፈሰሰ የሕፃኗን አንገት አቅልቶታል።

«አንገቷ ሊላጥ ነው እኮ! ወፈር ያለ የአንገት ጨርቅ ያስፈልጋታል» አሉና ተነሡ።

ከደንበኞች ልብስ የተረፉ ቁርጥራጮችን ገጣጠሙ፤ ከሥር ነጭ አቡጀዲ አደረጉ። በመሐል ባዘቶ ዘረጉና ጥጡ እንዳይሸሽ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ወጉት። ዙሪያውን በቀይና በአረንጓዴ ክር ሲጠልፉ፣ ማሪቱ መሐል ላይ የገባውን ጥለት አወቀችው። እማማ ውቢት ለጥምቀት ብቻ ከሚለብሱት ቀሚስ የተቆረጠ ነው።

«እማማ፣ ቀሚስዎን?»

«እኔን ማን ያየኛል? እሷን ይዩአት እንጂ።»

የክርስትናዋ ቀን ማሪቱ ልጇን ልትሸፍን ስትል አማቷ ተቀብለዋት ራሳቸው አቀፏት። የአንገት ጨርቋን አስተካክለው፣ ፊቷን ገልጠው ወጡ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ያቆሙታል። «የልጅ ልጄ ናት፤ ናርዶስ ትባላለች» ይሉታል። ሰዉ በመጀመሪያ ጥልፉን ያደንቃል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ልጅቷ ይወጣል። አንዳንዱ ደንገጥ ይላል። እሳቸው ግን ፈቀቅ አይሉም፤ «እግዜር ያሳድግልዎ» እስኪባሉ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። ማሪቱ በአራስነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሄደች።

በኋላ ባሕር ዳር ወስደው አሳከሟት። ስፌቱ ሲደርቅ እማማ ውቢት መነጽራቸውን አድርገው የልጅቷን ከንፈር መረመሩ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ! ይሄንስ እኔም አልችለው» ሲሉት ሐኪሙ ሳቀ።

ማሪቱ ይህን ሁሉ ለእንግዳዋ ነገረቻት፤ ማናለብሽ ልታጽናናት አጠገቧ መጥታ ተቀምጣ ነበርና። ሴትዮዋ የያዘችውን ንፍሮ አስቀመጠች።

«ይቅር በይኝ እህቴ፣ አላወቅሁም። እንዲህ ያለች አማት ከየት ይገኛል?»

«እኔ አግኝቻለሁ። ተመስገን ነው የምለው» አለች ማሪቱ።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ቤቱ ጭር አለ። ዮዲት ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ሆዷን ይዛ ባዶውን በረንዳ አየችና፣

«ለዚህኛውስ አሁን ማን ይሰፋለታል?» አለች።

«እኔ» አለች ማሪቱ።

መርፌ ይዛ አታውቅም፤ አማቷ ሲሰፉ ግን ብዙ አይታለች። የቁርጥራጭ ከረጢቱን አውጥታ ደጃፉ ላይ ብርሃን ፈልጋ ተቀመጠች። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት። እንደገና ሞከረች፤ ጫፉ ተበተነ፣ ዓይኗም በእንባ ተጋረደ።

«ስጪኝ እማዬ» አለች ናርዶስ።

ክሩን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ጫፉን በሁለቱ ከንፈሮቿ መሐል ግጥም አድርጋ ይዛ አረጠበችው፤ አሹላም መለሰችላት።