ከመሰቀሉ በፊት አንዴ

ነገ ጠዋት ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉት ነው። አጎቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጨቱን እየላገ፣ የክንፉን ጨርቅ እየወጠረ ነፍስ የዘራበት የመቶ ዓመት አውሮፕላን፣ ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳይነሳ፣ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ሊንጠለጠል ነው።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ላስነሳው» ብሎ ያልለመነበት ቀን የለም።

«ይሄ ሙዚየም ነው» ይላል አለቃችን። «የምናስታውሰው እንጂ የምናበርረው አይደለም።»

አለቃችንን በሌለበት «ቀበቶ» እንለዋለን፤ የቆመ መኪና ውስጥ እንኳ ሳያስር አይቀመጥም። ነገ ለእንግዶች ስለ መጀመሪያዎቹ አብራሪዎች የሚያደርገውን ንግግር የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «ድፍረት» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አስገብቼለት፣ «አሥራ ሁለት አድርጊው» ብሎ መለሰልኝ።

ዛሬ ከሰዓት ፎቶ እንዳነሳው መጣ። አጎቴ አውሮፕላኑን ሣሩ ላይ አውጥቶ፣ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ደርድሮ፣ ጅራቱን ከዛፍ ጋር በገመድ ጠፍሮ ጠበቀው። ለፎቶ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? አልጠየቅኩም።

ቀበቶ ወጥቶ ተቀመጠ። እጁ ወገቡን ዳበሰ።

«ማሰሪያው የታለ?»

«የያኔዎቹ አብራሪዎች አልነበራቸውም ጌታዬ» አለ አጎቴ።

«ምንም?»

«ኮፍያ ነበራቸው።»

ይህ ሞተር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ውልብልቢቱን በእጁ ያዞራል፣ ሌላው ወንበሩ ላይ ሆኖ ማብሪያውን ይከፍታል። አጎቴ እኔን ለምኖኝ ነበር። ስለ ድፍረት መጻፍ ይበቃኛል አልኩት።

«ጌታዬ» አለ አጎቴ፣ «እጅዎ ባዶ ሆነ። ያቺን ማብሪያ ወደ ላይ ከፍ ቢያደርጓት ፎቶው ያምራል።»

ማማር የሚጠላ አለቃ የለም። ከፍ አደረጋት።

አጎቴ ውልብልቢቱን ስቦ ለቀቀ። ሞተሩ ተነፈሰ። ደገመው፤ አስነጠሰ። በሦስተኛው ግን... አቤት! ጭስ ተፋ፣ አገሳ፣ ሣሩ መሬት ላይ ተኛ፣ ክንፎቹ ዳር እስከ ዳር ተርገፈገፉ። ካሜራውን ጥዬ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። አጎቴ እያለቀሰ ይስቃል።

«አጥፋው! አጥፋው!» ይላል ቀበቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማጥፊያው በራሱ እጅ እያለ። ከዚያ አንዱን ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ሁለተኛውን። መጮሁን አቆመ። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ እጁ ማብሪያዋን አልነካም።

ሞተሩ ጸጥ ሲል ወረደ።

«ጋሼ፣ እነዚያ ሰዎች በዚህ ላይ ተቀምጠው ነው ሰማይ የወጡት?»

«ገመዱን ፈትተው» አለ አጎቴ።

ቀበቶ ዞር ብሎ የታሰረውን ጅራት አየ። ከዚያ ወደ እኔ መለስ አለ።

«ለሰቃዮቹ ደውዪ። ነገ እንዳይመጡ፤ እንግዶቹ ሞተሩን ይስሙት። ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ...»

አጎቴ ግን መቼ ቆሞ ሰማው! ጀሪካኑን ለማምጣት በስልሳ ስምንት ዓመቱ እየሮጠ ነበር።