የአባዬ ድምፅ የጠፋበት ማጫወቻ

ሽቦ እኔን ሲያይ ከባንኮኒው ሥር መደበቅ ጀምሯል። ይደበቅ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛ የዘፈን ማጫወቻ ልመልስለት ነው። ሽቦ ያልነው በቅጥነቱ ነው እንጂ ልጁ ጎበዝ ነጋዴ ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትዕግሥቴ ከክር ቁራጭ ያጥራል።

«ዛሬስ ምን አጠፋ?» አለ ብቅ ብሎ።

«አባቴን አጠፋ!» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባቴ በወጣትነታቸው አንድ ዘፈን እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ፣ ጓደኞቻቸው በሁለት ማይክሮፎን ካሴት ላይ ቀድተዋቸዋል። አባዬ አናጢ ነው፤ ድምፁ ግን ልብ ይሰርቅ ነበር። አምና ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ የሚወጣው ሻካራ ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ እሱም አፍሮ ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እማዬን ሲያበሽቅ የኖረ ሰው! «ዘፈኑ ላይ ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽ»፣ «አይ፣ አንተ ነህ» የሚሉት ጭቅጭቅ እንኳ ቀረ። ቤቱ ጭር አለብን። እማዬ ያ ድምፅ ናፈቃት። ቴፑ ካሴቱን ሊበላው ሲል ሽቦ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠልን፤ የቀረው ማጫወቻ መምረጥ ብቻ ነበር።

ብቻ! ቀዩን ወሰድኩላት፤ በኢርፎን አዳመጠችና «አባትሽ የለበትም» አለች። ብርማውን ወሰድኩ። «የለበትም።» ጥቁሩን። «የለም አልኩሽ እኮ!» እኔ ጆሮዬ ላይ ስሰካው አባዬ ቁልጭ ብሎ ይዘፍናል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። እናቴ ልትጃጅብኝ ነው ብዬ ስፌት ማሽኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለዚህ ነው ዛሬ እሷኑ ይዣት የመጣሁት።

እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን አዳመጠች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ኢርፎኑን ከጆሮዋ መዘዘችው።

«እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን እለፈልፋለሁ።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ! አለ እኮ!»

«አላበድኩም!» አለችና እንባዋ መጣ።

ምን ላድርግ? ሽቦ ላይ ጮህኩበት። እሱ ግን ዞሮ በግራዋ በኩል ቆሟል። «እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አላት። ዝም። ደግሞ ጠየቃት። ዝም።

«እህት ዓለም፣ እናትሽ በግራ ጆሯቸው ይሰማሉ?»

ክው አልኩ። አትሰማም! ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም! ቤት ውስጥ ሁላችንም የምንቀመጠው በቀኟ ነው፣ መንገድም ስንወጣ በቀኟ ነው የምንሄደው። ከመልመዳችን ብዛት ለምን እንደሆነ ረስተነዋል። እሷ ራሷም ረስታዋለች።

«አባትሽ የተቀዱት በግራው፣ እሳቸው ደግሞ በቀኙ በኩል ነዋ!» ብሎ የግራውን ኢርፎን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ሰካላት።

«መጣ! ይኸው መጣ!» ብላ እማዬ ብድግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷን አኮሳተረች። «እኔስ የት ሄድኩ?»

እኔና ሽቦ በሳቅ ሞትን። ሽቦ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ፣ ድብልብል ያለ አረንጓዴ ማጫወቻ አወረደ። የራሱ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ኢርፎን አይፈልግም።

«ይኼ ሁለታችሁንም ባንድ ላይ ያወጣል። ግን መልኩን አይቶ ማንም አይገዛኝም።»

«ሳሙና ነው እንዴ?» አልኩ። እማዬ ከእጁ ላይ ላፍ አደረገችው።

ቤት ስንደርስ አባዬ ግቢ ውስጥ እንጨት ይልጋል። እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ከፈተችው። የሁለቱም ድምፅ ግቢውን ሞላው። አባዬ መላጊያውን አስቀመጠ። ዘፈኑ መቀባበያው ጋ ሲደርስ፣ እሱ ገና ስንኙን ሳይጨርስ፣ የእማዬ ድምፅ ዘው ብሎ ገባ።

አባዬ ጣቱን ቀሰረባት። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ማነው የቀደመው?» አላት በሻካራ ድምፁ። ስንት ወራችን ነው እሱ ራሱ ወሬ ሲጀምር ከሰማን!

«እና አንተን ስጠብቅ ልሙት?»

«እስቲ ዘፈኑን ድገሚው።»

እማዬ ማጫወቻውን ዘጋችው። ወንበሯን ጎትታ ቀኝ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«አንተው ድገመው» አለችው።

ደገመው።