ደወሉን ማን አወረደው

ካፒቶሊና ኒፎንቶቭና በሉኮዜርስክ ሙዚየም ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ አስጎብኝታለች። ሐይቁን ዞሮ የሚሄደውን የጥንት የአፈር ግንብ፣ ነጩን ካቴድራል፣ ደወል የሌለውን የደወል ማማ ዓይኗን ጨፍና ብትዞር አትስትም። ዘመኑ የሶቪየት ነው። አንድ ጠዋት አዲሱ ኃላፊ ሩዶልፍ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጣት።

«ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ውልፍት የለም።»

አነበበችው። ደወሉ አርጅቶ በራሱ ጊዜ ወደቀ ይላል።

«በራሱ ጊዜ?»

«ምን ችግር አለው? ሰው የሚመጣው ዘና ሊል ነው።»

«የደወሉ ደዋይ እኮ አባቴ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ሲያወርዱት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያዩትን ማን ጠየቀዎት? የተጻፈውን ያንብቡ።»

እኩለ ቀን ላይ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች በአውቶቡስ መጡ። ሩዶልፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተከተላቸው። ግንቡና ካቴድራሉ በሰላም አለፉ። ማማው ሥር ሲደርሱ ወረቀቱን አወጣች። አፏ እሺ አላላትም። አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ይህ ደወል በራሱ አልወደቀም» አለች። «በገመድ ጎትተው ያወረዱት የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ደዋዩ ኒፎንት ላፕቴቭ እንዳያወርዱት የማማውን በር ከውስጥ ቆልፎ ሁለት ቀን ሙሉ ደወለ። በሦስተኛው ቀን በሩን በመጥረቢያ ሰብረው እሱን ወሰዱት። አልተመለሰም።»

«ጉብኝቱ አልቋል!» ጮኸ ሩዶልፍ፣ ፊቱ ደም መስሎ። «ወደ አውቶቡሱ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዲት ፈርጠም ያለች ሴት ዞረችበት።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ዝም በል፣ እየሰማን ነው!» ከዚያ ወደ ካፒቶሊና፦ «ሁለት ቀን ሙሉ ምን በልቶ፣ እህቴ?»

«ዳቦና በጭስ የደረቀ ዓሣ። ከማማው በሚያወርደው ገመድ ላይ ቅርጫቱን የማስርለት እኔ ነበርኩ።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በማግስቱ አባረሯት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሙዚየሙ ይኸውላችሁ። ግንቡ ግን በር የለውም» ብላ ወጣች።

እሑድ ደህናውን ሻርፕ አድርጋ ግንቡ ላይ ቆመች። ፖሊሱ ዬጎር እያለከለከ ወጣ።

«እማማ ካፒቶሊና፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ቆሜያለሁ። መቆም ተከለከለ እንዴ?»

«ሰው ሰብስበው ያወራሉ ተብሎ ነው።»

«እኔ አልሰበሰብኩም። እግራቸው አመጣቸው።»

ከኋላዋ ዘጠኝ ሰው አለ። አንዷ የገዛ እናቱ ናት።

«አንተ ደግሞ ወይ ስማ ወይ ገለል በል፣ ማማውን ጋረድክብን!» አለችው።

ዬጎር ጆሮው ቀላ። ወደ ታች አየ፣ ወደ ሐይቁ አየ፣ ከዚያ ከዳር ቆመ።

ካፒቶሊናን የከተማው ባለሥልጣናት ሁለት ጊዜ ቢሮ ጠርተው ገሠጿት፣ ዳግመኛ አላደርግም ብላ እንድትፈርም ወረቀት አቀረቡላት። አልፈረመችም። ሙዚየሙ ውስጥ አዲሷ አስጎብኚ ያንኑ ጽሑፍ ታነባለች። እንግዳው ጨርሶ ሲወጣ ግን፣ በር ላይ ዓሣ የምትሸጠዋ ሴት ካፒቶሊና ወደምትቆምበት ግንብ በአገጯ ትጠቁመዋለች።