በሁለተኛ ማርሽ

መጀመሪያ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ቀጥሎ ታክሲው፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደነፋና ማን እንዳልነፋ መለየት አስቸገረ። ሾፌሩ ዞሮም አላያቸው። ግራ እጁ መሪው ላይ የተገጠመችውን ክብ እጀታ ጨብጧል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። አሮጌዋ መኪና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ሰፊውን ጎዳና ትጎተትበታለች። ከቤት ሲነሳ፣ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት፣ ግራ እጁን አሻግሮ ሁለተኛ ውስጥ ከቷታል። መኪና መሸጫው እስኪደርስ ከሁለተኛ የሚያወጣት ሰው የለም።

አንድ ባለታክሲ ጎን ለጎን መጥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"አባት፣ ሦስተኛ የሚባል ማርሽ እኮ አለ።"

"አውቃለሁ" አለ ሾፌሩ። "ሩቅ ሆኖብኝ ነው።"

ባለታክሲው ራሱን እየነቀነቀ አለፈው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ "ሾፌሩ" እያለ ነው የሚጠራው። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ጥርሱን ሲቦርሽ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል እሱም ተከትሎ ወደቀ። እግሩ በሦስት ወር ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን እንደወጣ ቀረ። ሐኪሙ "ለመሪውስ አንድ እጅ ይበቃዎታል፤ ማርሹን በምን ሊቀይሩ ነው?" ብሎ ሲጠይቀው፣ መልሱን የሰጠችው ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ ናት።

"እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው አጠገቡ የምቀመጠው?"

መንጃ ፈቃድ አልነበራትም። መሪ ይዛም አታውቅም። ልብስ ሰፊ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሱ ፍሪሲዮኑን ረግጦ "ሁለት" ይላል፤ እሷ በግራ እጇ ትቀይራለች። "ሦስት" ይላል፤ ትቀይራለች። ወር ሳይሞላ መናገሩን ተወው፤ በጆሮዋ ነበር የምትሠራው። "ያንተ መኪናና የኔ የስፌት መኪና አንድ ናቸው፤ ሲከብዳቸው ይነጫነጫሉ" ትለው ነበር። እግሩ ወደ ታች ሲሄድ እጇ አብሮ ይሄዳል። ስለ ልጃቸው እያወራች፣ ብርቱካን እየበላች፣ አንዳንዴም ዓይኗን ጨፍና ትቀይር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መኪና ለሁለት ነዱ።

አንድ ጊዜ ብቻ አምፃለች። እህቷ ቤት ምሳ ተጋብዘው፣ ሐኪም የከለከለውን ጨው፣ እሷ ጀርባዋን ባዞረች ቁጥር ምግቡ ላይ ሲነሰንስ ያዘችው። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ገብታ ሁለተኛ ድረስ አደረሰችውና እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች።

"ሦስት" አላት።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ያዘች።

"ሦስት፣ አንቺ ሴትዮ።"

"ጨውህ ይቀይርልህ" አለችው።

ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በሁለተኛ ማርሽ አቋረጡት። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ እሱ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከመኪናው ለመውረድም ጊዜ ወሰደባቸው።

ከሞተች ስምንት ወሯ ነው። መኪናዋም ስምንት ወር በር ላይ ቆማ አቧራ ጠጣች። ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ተነስታ፣ በአዲስ ልትለወጥ፣ ያንኑ ማርሽ ይዛ እየሄደች ነው። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ የመኪናዋ ሰነዶች የተቀመጡበት ፖስታ ብቻ አለ።

መሸጫው ግቢ ሲገባ ጥበቃው እጁን አወዛወዘ።

"በሩን ዘጉብን እኮ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ።"

"ወደ ኋላ አትሄድም።"

"ተበላሽታለች?"

"እሷስ ደህና ናት" አለና ሞተሩን አጠፋ።

ሻጯ ወጣት ሴት ናት፤ ፈገግታዋ ለሥራ የተገዛ አይመስልም። ሁለት ትንንሽ መኪኖች ጎን ለጎን ወደቆሙበት ወሰደችው። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ግራጫ፤ ከቀለማቸው በቀር መንታ ናቸው።

"ነጯ ማንዋል ናት፤ ዋጋዋም ቀለል ይላል። ግራጫዋ አውቶማቲክ ናት። ለከተማ፣ ለትራፊክ መጨናነቅ፣ ለእርስዎም ለጤናዎ…" እጁን አየችና ቆም አለች። "ግራጫዋ ትሻላለች ብዬ ነው።"

"ልጄ፣ እኛ መናኸሪያ እያለን አውቶማቲኩን ምን እንለው እንደነበር ታውቂያለሽ? አሳንሰር። ቁልፍ ተጭነሽ ትቆሚያለሽ፤ እሱ ይወስድሻል።"

ሻጯ ሳቀች። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ ናት፤ ከቀብሩ በኋላ የመጣችው አንዴ ነው፤ እሱንም ሁለት ቀን ሳትሞላ ተመልሳለች። ሥራዋ አይለቃትም። ይህን ያውቃል፤ አይወቅሳትም።

"አባዬ፣ ደረስክ?"

"ደርሻለሁ።"

"ከማን ጋር ነህ?"

"ከሰው ጋር ነኝ።" አልዋሸም፤ ሻጯ አጠገቡ ቆማለች።

"አውቶማቲኩን ነው አይደል የምትወስደው?"

"እያየሁ ነው።"

"ምኑን ነው የምታየው? ማንዋሉን ብትገዛ ማርሹን ማን ይቀይርልሃል?"

"አንቺ ነሻ" የምትለው ቃል አፉ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጣት። "ሰው አይጠፋም" አለ።

"ማን፣ አባዬ?"

ማን እንደሆነ አሰበ። ከታች ቤት ያለው ጎረቤቱ ልጁ ጋ ሄዶ መኖር ከጀመረ ከረመ። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ የነበረው ጓደኛው ከአልጋ አይነሳም። የባለቤቱ እህት ትመጣለች፣ ግን እሱን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣለትም። ሰው ሲጠራበት የኖረ ቤት እንዲህ በአንዴ ጭር ይላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

"ኔትወርኩ እያስቸገረ ነው፤ ቆይቼ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ግራጫዋን ሞከረ። ሻጯ አጠገቡ ተቀምጣ አሳየችው፤ እሱ ግራ እጁን አሻግሮ ማርሹን ዲ ላይ አደረገና ከግቢው ወጣ። መኪናዋ ድምጿ የለም፤ ልስልስ ብላ ሄደች። ሠላሳ ሜትር ሳይሄዱ ጆሮው የሞተሩን መሙላት፣ ማርሽ ቀይሩልኝ ማለቱን፣ ሰማ።

"ሁለት" አለና ግራ እግሩን እስከ መጨረሻው ረገጠ።

እዚያ የነበረው ፍሪሲዮን ሳይሆን ፍሬን ነው። መኪናዋ ቀጥ አለች። ሻጯ ቀበቶዋ ላይ ተንጠለጠለች፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ለጥቂት ነው የሳታቸው።

"ይቅርታ፣ ልጄ። ይቅርታ።"

"ምንም አይደል። ማንዋል የለመደ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው" አለች ፀጉሯን እየሰበሰበች። "ግራ እግርዎን ወደ ኋላ ይሰብስቡት። ሥራ የለውም።"

"እሱም ጡረታ ወጣ ማለት ነው።"

"'ሁለት' ያሉት ግን ምንድን ነው?"

ፍሬኑን ለቀቀና መንገዱን ቀጠለ። አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ። እግሩን እንዳለችው ወንበሩ ሥር ሰበሰበው፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ ምንም ሳትጠይቀው ሄደች፤ ስትፈልግ ቀየረች፤ ስትፈልግ መለሰች። ምንም እንከን አላገኘባትም፤ ሆኖም ወርዶ ወደ ሁለተኛዋ ሄደ።

"ነጯን ልሞክር" አለ።

ሻጯ ቀኝ እጁን እንደገና አየች። "እንዴት አድርገው…"

"አንቺ ትቀይሪያለሽ።"

"እኔ? ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ?"

"ባለቤቴ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ቀይራለች። እጅሽን ከላይ ጣል አድርጊበት፤ አትጨብጪው። እኔ ስረግጥ አንቺ ትወስጂዋለሽ። ቁጥሩን እነግርሻለሁ።"

ሻጯ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ጨዋታው ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ነጯ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ሲቀይሩ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ፤ ሁለቱም ፊታቸውን አኮማተሩ። በሁለተኛው ዘገየች። በሦስተኛው "አየሁት፣ አየሁት፣ ገባኝ" አለች። ሾፌሩም እየሳቀ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ የከረመው ወንበር ላይ ሰው አለ፤ ልጅቷ ታወራለች፤ እግሩ ሥራ አግኝቷል።

ዳገቱ ላይ አንድ ጭነት መኪና ከፊታቸው ዘገየባቸው። ሾፌሩ ቁጥር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። እግሩ ወረደ፤ ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ግን ከጎኑ ያለው እጅ መጣ። ዝም ብሎ፣ በሰዓቱ፣ ከሦስት ወደ ሁለት። ካምቢዮው ኮሽ ሳይል ተቀበለው።

ዝቅ ብሎ አየ። ጥፍሯ ቀይ የተቀባ፣ ቀጭን አምባር ያሰረ፣ መርፌ ያልወጋው እጅ ነው።

ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘና ቆመ።

"ተሳሳትኩ እንዴ?"

"አልተሳሳትሽም። ልክ ነሽ።"

"ታዲያ ምነው?"

ምን ብሎ ይንገራት? ያስከፋው ልክ መሆኗ ነው። እስከዛሬ ማንዋሉን የሚፈልገው የሚስቱን ቦታ ለመጠበቅ ይመስለው ነበር፤ ያንን ቦታ ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስሟን ለማያውቃት ልጅ ሰጥቶት፣ ሥራው ሄዷል። ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ነጯን ቢገዛ ዛሬ ይቺ፣ ነገ አንድ ጎረቤት፣ ከነገ ወዲያ በቀን ሂሳብ የሚቀጠር ሰው እዚያ ይቀመጣል፤ እሷ በጆሮዋ ያደረገችውን እነሱም በጆሯቸው ይለምዱታል። ይህን አልፈለገውም። ብቻውን መሆኑን ከዚህ ይልቅ ፈለገው።

"እንመለስ" አለ። "አንድ ብዬ እነሳለሁ፤ ከዚያ ሁለት ላይ ይብቃን። አትቸገሪ።"

"ሦስተኛውንም እኮ ችየዋለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ጎበዝ ነሽ።"

በሁለተኛ ማርሽ ተመለሱ።

ቢሮ ውስጥ ለግራጫዋ ወረቀት ሲፈርም፣ አሮጌዋን መኪና ሊገምት ሄዶ የነበረው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

"ጋሼ፣ ሰውነቷ አርጅቷል፤ ሞተሯም ደክሟል። ካምቢዮዋን ግን አላመንኩትም። በዚህ ዕድሜ ቅቤ ነው። ማን ነበር የሚነዳት?"

"እኔ።"

"ማርሹን እንዲህ አድርገው ይዘውት ነው?"

"ማርሹን የምትቀይረው ባለቤቴ ናት።"

"እንግዲያው እጃቸው ይባረክ። ጎበዝ ሾፌር ነዎት ይበሉልኝ።"

"መንዳት አትችልም ነበር" አለ ሾፌሩ።

መካኒኩ ሊስቅ ጀመረና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሾፌሩ በግራ እጁ ፊርማውን ጨረሰ፤ ከአምስት ዓመት ግድም በኋላም የልጅ ጽሑፍ ይመስላል። የመካኒኩን ምስጋና ለሌላ ሰው ሊነግር ፈለገ። ሊነግራት የሚፈልጋት ግን ራሷን፣ ባለቤቱን ነበር።

ወደ ማታ ግድም ግራጫዋን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ጥበቃው ጎንበስ ብሎ በመስኮት አየው።

"ይቺስ ወደ ኋላ ትሄዳለች?"

"ትሄዳለች" አለና አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ብሎ አሳየው። ጥበቃው አውራ ጣቱን አወጣለት።

ጎዳናው ላይ ማንም ጥሩምባ አልነፋበትም። ሚኒባሶች አለፉት፤ እሱም አንድ ሁለቱን አለፈ። ግራ እግሩ ወንበሩ ሥር ተሰብስቦ ተቀምጧል። ስልኩ ጮኸ፤ ቀይ መብራቱ ላይ ሲቆም አነሳው።

"እህ፣ አባዬ? የቱን ወሰድክ?"

"አንቺ ያልሽኝን።"

"ጎሽ። አሁን ከማን ጋር ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያላት። "ደህና ነኝ። መብራት ይዞኝ ነው፤ ቤት ስገባ እደውላለሁ" ብሎ ስልኩን አስቀመጠ።

መብራቱ ገና ቀይ ነው። ማርሹ እንደ አሮጌዋ መኪና ሁሉ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ቆሟል፤ አናቱ ላይ ገና እጅ ያላወዛው ጥቁር ቆዳ ለብሷል። ሾፌሩ ትንሽ አየው። ከዚያ በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ይዞ ከጭኑ ላይ አነሳውና ማርሹ አናት ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት። እጁ የሚሠራው ነገር የለም፤ ማርሹም አይፈልገውም።

አረንጓዴው በራ። ግራ እጁን ወደ መሪው መልሶ ተነሳ። መኪናዋ ስትሞላ በጆሮው ሰማ።

"ሁለት" አለ ቀስ ብሎ፤ መኪናዋም ቀየረች።