የጋሽ ደምለው ለስላሳ ፊት

ፎቶ አንሺዋን አልጣሽን ፎቶሾፕ ያስተማራት ሰው የለም። ደባርቅ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አለ ቢሏትም ትስቃለች። ፎቶውን ገልብጣ በራሱ ላይ ትደርበዋለች፣ የላይኛውን ታደበዝዘዋለች፣ ከዓይንና ከከንፈሩ ላይ ብቻ ድብዝታውን ጠርጋ ታነሳለች። ከዚያ በኋላ የማንም ፊት ገና የታጠበ ሕፃን ይመስላል።

ጋሽ ደምለው ከጃናሞራ የመጡት ሕፃን ለመምሰል አልነበረም። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዳባት ለሚኖሩት እህል ነጋዴ፣ ለእትዬ የሺወርቅ፣ ሽማግሌ ቢልኩ «መልኩን ላላየሁት ሰው መልስ የለኝም» ብለው ሰደዷቸው።

«ሰው አስመስይኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አሏት አልጣሽን።

አልጣሽ ግን ያገኘችውን ፊት እንዲሁ የምትሰድ አይደለችም። ሽብሽቡንም፣ ብርድ የሰነጠቀውን ጉንጭም፣ ሽበቱንም አለሰለሰችው። ሠላሳ ዓመት ከላያቸው ላይ ወረደ።

ጋሽ ደምለው ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት። «ጉም ገብቶበታል።»

«ጉም አይደለም ጋሼ፣ ሙያ ነው።»

«ጉምማ ጃናሞራም ሞልቶልኛል» አሉና ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ።

«‹ልጆቼን አሳድጌ ጨርሻለሁ፣ ሌላ አላሳድግም› አለች። ሽማግሌዎቹ ‹ኧረ ሃምሳ ስምንቱን ደፍኗል› ቢሏት፣ ‹ይህን ልጅ ሃምሳ ስምንት ብላችሁ ልታታልሉኝ ነው› ብላ አባረረቻቸው። በይ ፊቴን መልሽልኝ።»

አልጣሽ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ዋናው ፎቶ የለም፤ ለስላሳውን እላዩ ላይ ሴቭ አድርጋዋለች። ይህን የሚሠሩትን ስንቴ ጀማሪ ብላ ሰድባለች።

«እንደ አዲስ ብናነሳ ይሻላል» አለች ዓይኗን ሳታነሳ።

«ያኛው የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«ግድ የለም፣ ይኸው እኔ ጋ አለ» አሉ ጋሽ ደምለው ጉንጫቸውን እየዳሰሱ፤ በርጩማው ላይም ተቀመጡ።

ካሜራውን ሳታነሳ መጋረጃው ተገለጠና አንዲት ደልደል ያሉ ሴት ገቡ። በእጃቸው ያ ፎቶ አለ፤ ከጀርባው የአልጣሽ ማኅተም ተመትቷል።

«የሺወርቅ እባላለሁ፣ ከዳባት ነኝ። የዚህን ልጅ እናት አሳይኝ። ልጃቸው የእናቱን እኩያ ሊያገባ ሽማግሌ እንደሚልክ ያውቁ እንደሆን ልጠይቃቸው።»

ጋሽ ደምለው ጫማቸውን ያዩ ጀመር። አልጣሽ ዝም ብትል ሰውዬው ሚስት አጥተው ወደ ጃናሞራ መመለሳቸው ነው። ብትናገር ደግሞ ሙያዋ ሊዋረድ ነው።

«ልጅ የለም እትዬ» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሰውዬው እኚህ ናቸው።»

እትዬ የሺወርቅ ፎቶውን ከጋሽ ደምለው ፊት ጎን ይዘው፣ የጤፍ ናሙና እንደሚያይ ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዩ።

«አገጭዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«በሬ ወግቶኝ ነው።»

«የራስዎ በሬ?»

«የጎረቤት። የኔማ ጨዋ ነው።»

እትዬ የሺወርቅ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ፎቶውን ለሁለት ቀደዱና ለአልጣሽ ሰጧት።

«አንሺያቸው። እንዳሉ ተዪልኝ፤ ለልጆቼ የማሳየው ነው።» ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔንም አንሺኝ። እኔን ግን እዚህ ከዓይኔ ሥር ትንሽ ብታለሰልሺው አልጠላም።»

«እንዳትነኪያት» አሉ ጋሽ ደምለው ከበርጩማው ላይ።

«አየሽ» አሉ እትዬ የሺወርቅ ለአልጣሽ፣ «ገና ሳያገቡኝ ማዘዝ ጀመሩ።»