የምክር ክፍሉ መዝጊያ

የእምነት ቤታችን ሰብሳቢ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። እኔ አናጢ ነኝ፤ ወንበሩንም መስኮቱንም ስጠግን ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፣ አውቀዋለሁ። ማክሰኞ አስጠራኝና፣ «ወንድሜ፣ ለምክር ክፍሉ ባለመስታወት መዝጊያ ዛሬውኑ ግጠም። ነገ መርማሪዎች ይመጣሉ። ከጠየቁህ ድሮም እንዲህ ነበር በል» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። የባለቤቴ የእህት ልጅ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የሰብሳቢው አለቃ የሆነው መንፈሳዊ መሪያችን በዚያ ክፍል ዘግቶባት ያደረገባትን ለእናቷ ከተናገረች ወር ሆናት። ሰብሳቢውና ሽማግሌዎቹ ደግሞ ውሸታም አሏት። በሩ መስታወት ከነበረውማ ማን ያምናታል?

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የቤታችንን ገመና እንሸፍን። አሮጌውን መዝጊያ አቃጥለው።»

የማን ስም ነው ከመቃብር በላይ የሚውለው? የእሷ ስም ስም አይደለም? ግን እሺ ብዬ ገጠምኩ። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

አሮጌውን ግን አላቃጠልኩትም። አናጢ ደህና ሳንቃ አያቃጥልም፤ እነዚያ መዶሻ ጨብጠው ስለማያውቁ ይህን ከየት ያውቁታል! ደግሞ እኔ የሰቀልኩት መዝጊያ ሁሉ ማጠፊያው ሥር ቀኑንና ያዘዘኝን ሰው በእርሳስ እጽፍበታለሁ። የአባቴ ልማድ ነው።

በማግሥቱ ሰብሳቢው ከመርማሪዎቹ አንዷን በሩ ፊት አቁሞ፣ «እንደሚያዩት እኛ ጋ የሚደበቅ ነገር የለም። የሠራው ባለሙያ ራሱ ይመስክር» አለ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን ጫማዋን ታያለች።

«ትናንት ነው የገጠምኩት» አልኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጥ ብዬ አሮጌውን ከጋሪዬ አውርጄ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እርሳሱን አነበበች፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ቀን፣ «በመሪው ትእዛዝ፣ ያለ መስታወት፣ መቀርቀሪያው ከላይ»። ሰብሳቢው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና፣ «ወንድማችን ፈተና ገጥሞታል፣ እንጸልይለት» አለ። ይገርማችኋል፣ እውነትም ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። እናንተ ግብዞች! ለእኔ ከመጸለይ እሷን ቀና ብላችሁ ብታዩ ምን ነበረበት?

ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እንግዲህ አዳንኳት ብዬ ነው።

ልጅቷ ተነስታ መጣች። እጇን ወደ አሮጌው መዝጊያ መቀርቀሪያ ዘረጋች፤ በእግር ጣቶቿ ቆመች፤ አልደረሰችም። ሁለት ዓመት አድጋ እንኳ አልደረሰችም።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያደረግከው አንተ ነህ?»

«አዎ» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ገና እየጸለዩ ነበር።